ደንገዞ በሚዛን ላይ

የይመር እንድሪስ እንጀራ የሚቆረሰው ኖረው ከማያውቁ መንግሥታት ነበር። ጠዋት ኮምቦልቻ ካለው ሚዛን ቤት ይገባል፤ ካፖርቱን ይሰቅላል፤ ከዚያ የተላኩለትን ነገሥታት፣ ሱልጣኖችና አፄዎች ተራ በተራ ይመረምራል። አንዳቸውም ምድር ረግጠው አያውቁም። አንዱን የፈጠረው የሐረር ሽማግሌ ነው፤ ሌላውን የዲላ ተማሪ፤ ሌላውን ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ያላት የባሕር ዳር አዋላጅ። ታሪኩ አማረ አላማረ የይመር ጉዳይ አልነበረም። የሱ ጉዳይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እዚያ ታሪክ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ለማመፅ ምን ያህል ይቀረዋል?

ጥያቄው የሚመለሰው በእውነተኛ አገሮች ነው። ሚዛኑ የሚባለው ማሽን የዓለምን አገሮች ከነዘመናቸው ያውቃቸዋል። በትኩሱ ጫፍ ፈረንሳይ አለች፣ በረዶ አዝመራዋን መትቶ ዳቦ የተወደደባት፤ ሩሲያ አለች፣ የፔትሮግራድ ሴቶች በብርድ ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን የተመለሱባት፤ ኢትዮጵያም አለች፣ የ1966ቱ። በቀዝቃዛው ጫፍ እነ ዴንማርክ ተቀምጠዋል። ማንኛውም የፈጠራ መንግሥት ከነዚህ በአንዱ ይመሰላል፤ ያም አቻው ይባላል። ከአቻው ጋር ቁጥር ይሰጠዋል። ከስልሳ በታች ያገኘ እንደልቡ ይተረካል። ከስልሳ በላይ ያገኘ ይበርዳል።

ይበርዳል ማለት ይታገዳል ማለት አይደለም። ማገድ የድሮ ሰዎች ነውር ነበር፤ ቀርቷል። ታሪኩ ወደ አብራጆች ክፍል ይሄዳል። እዚያ ዝናብ ይዘንብለታል፤ የወታደሩ ደመወዝ ይከፈላል፤ ክፉው አገረ ገዥ ወይ ይሻራል ወይ ይጸጸታል። ከዚያ በራሱ በተራኪው ድምፅ ለአድማጭ ይቀርባል። ተራኪው አፉን መክፈት አያስፈልገውም፤ ሲመዘገብ ድምፁን ሰጥቷል። ሁሉም ይሰጣል። ታሪኬ በርዷል ብሎ ለሰው መናገር ግን አይፈቀድለትም።

ሕዝቡ ለምዶታል። እናት ልጇን ልታስተኛ «አንድ ንጉሥ ነበረ» ስትል ቤቱ ከግድግዳው ውስጥ ለስለስ ባለ ድምፅ «አሥራ ሁለት፤ ዴንማርክ» ይላል፤ ልጁም «እሺ፣ ቀጥዪ» ይላል። ሽማግሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ «ቤታችሁ ሩሲያ ሳይሆን» ብለው ይጀምራሉ። ሴት ልጅ ያልወደደችውን ጠያቂ «ቁጥሩ ከፍ አለብኝ» ብላ ትመልሳለች። ይመርም እንዲህ ያለውን ቀልድ በሠርግና በለቅሶ ቤት ሲሰማ ፈገግ ይል ነበር፤ ቀልዱ ከሥራ ቤቱ የወጣ ነውና ዝምድና ይሰማዋል።

ይመር ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሚዛን ቤት ውስጥ የሚታወቀው በ1966 ነበር። የዚያን ዓመት ነገር ጠይቀውት አላውቅም ብሎ አያውቅም፤ የታክሲ ነጂዎቹን አድማ፣ የመምህራኑን፣ የተደበቀውን የወሎ ረሃብ፣ ሁሉንም ትናንት የተደረገ ያህል ያወራዋል። ነገር ግን እውቀቱ ዋጋ እያጣ ነበር። ድሮ ክፍሉ በመዛኞች የተሞላ ነበር፤ አሁን ወንበሮቹ ተጣጥፈው ግድግዳ ተደግፈዋል። ማሽኑ ቁጥሩን ራሱ ያወጣል፤ መዛኙ አይቶ ያጸድቃል። እሱም እንኳ ሊቀር ነው እየተባለ ይወራል።

ኃላፊያቸው ናሁሰናይ የሚባል ወጣት ነው። በጣም ጨዋ ነው፤ ለሁሉም ብድግ ይላል። አንድ ሰኞ መዛኞቹን ሰብስቦ፣ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ» አላቸው። «ሰው ለምን ያስፈልጋችኋል ይሉኛል። ሚዛኑ ያላየውን አንድ ነገር ያየ ሰው አምጡልኝ። አንድ ብቻ። እኔ ደግሞ እናንተን አስቀራለሁ።»

ደንገዞ የምትባለው የፈጠራ መንግሥት የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው።

ጽሑፎቹ ወደ መዛኝ ሲመጡ የተራኪው ስም አይኖርባቸውም፤ አድማጮቹ እነማን እንደሆኑ ብቻ ይጠቀሳል። ይመር ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ማን እንደጻፈው አወቀ። «ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ» ይላል። ይህን የምትል ሴት በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ እታለም ዘሀራ።

ዘሀራ ዓሊ የእናቱ ልጅ ናት፤ አባታቸው ይለያያል። እናታቸው ስትሞት ይመር ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ዘሀራ ትምህርቷን ትታ ፈትል ፋብሪካ ገባች፤ አሳደገችው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክማ የሸኘችው እሷ ናት። ሳታገባ ቀረች። ጡረታ ስትወጣ ተራኪ ሆና ተመዘገበች፤ የፈትል ፋብሪካ ሴቶች ማሽናቸው ላይ ቆመው የሚሰሙት የሷን ትረካ ነበር። ትልቅ ስም አልነበራትም፤ ግን የነሱ ነበረች። ድምፅዋ ውስጥ የፋብሪካ ጥጥ የተወላት ሳል ነበረ፤ ታሪኩ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ትስላለች፤ ሴቶቹም «አሁን መጣች» ይባባላሉ።

ደንቡ ግልጽ ነው። የዘመዱን ሥራ ያገኘ መዛኝ «ዘመድ ነኝ» ብሎ ለሌላ ያስተላልፋል። ቃሉ ሁለት ነው፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅበትም። ይመርም ከዚህ በፊት ለአንድ የአክስቱ ልጅ ብሎት ያውቃል። ዛሬ ግን አላለም። እስቲ መጀመሪያ ላንብበው አለ በልቡ፤ አነበበው፤ ካነበበው በኋላ ማለት የሚችልበት ሰዓት አለፈ።

ደንገዞ ሰፊ ግዛት ናት። ጎተራዋ ሙሉ ነው፤ ግብሩ አያንገሸግሽም፤ ንጉሡም ይወደዳል። ማሽኑ ሠላሳ አንድ ሰጥቷታል፤ አቻዋ ዴንማርክ። ታሪኩ የሚሆነው ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም፤ ጠረፍ ላይ ነው። እዚያ ጦር ሰፍሯል። የተራው ወታደር የውሃ ጉድጓድ ተበላሸ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ክዳኑ ላይ ግን ቁልፍ አለ። ወታደሮቹ ይጠይቃሉ፤ ሻለቃው «ውሃ በማዕረግ ነው» ይላቸዋል። ይጠጡት የነበረውን ጭቃ ውሃ ዘሀራ የጻፈችበት ቦታ ላይ ይመር ተነሥቶ ውሃ ጠጣ። ታሪኩ የሚቆመው ጠዋት ላይ ነው፤ ወታደሮቹ አንድም ቃል ሳይናገሩ በተቆለፈው ጉድጓድ ዙሪያ ቆመዋል፤ ሻለቃው መስኮቱን ከፍቶ ያያቸዋል።

ማሽኑ የሚመዝነው ጎተራን፣ ግብርንና ደመወዝን ነው፤ የአንድ ጉድጓድ ክዳን አይመዝንም። ይመር ግን ነገሌን ያውቃል። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ያመፀው በውሃ ነው፤ የወታደሩ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ስላሉ። የዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ሁሉ ከዚያች ጠብታ በኋላ የመጣ ነው። ዘሀራ ይህን እንደማታውቅ ያውቃል፤ ታሪክ አንብባ አታውቅም፤ ከራሷ ነው ያወጣችው። እሱ ደግሞ ማሽኑ ያላየውን አየ።

ሠላሳ አንዱን ሰርዞ ሰባ አራት ጻፈ። አቻ፦ ኢትዮጵያ፣ ጥር 1966። ከሥሩ ምክንያቱን አብራራ። አብራርቶም አልበቃውም፤ የዚህ ትረካ አድማጮች የፈትል ሠራተኛ ሴቶች መሆናቸው ይታሰብ፣ በፔትሮግራድም ከሁሉ ቀድመው ሥራ አቁመው አደባባይ የወጡት የጨርቃጨርቅ ሠራተኛ ሴቶች ነበሩ ብሎ ጨመረ። ይህን ሲጽፍ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ነገር ከአንድ ነገር ጋር ሲገጥምለት የሚሰማው የቆየ ደስታ ነው። በኋላ ከሁሉ አብልጦ ያሳፈረው ያ ደስታ ነበር።

ናሁሰናይ ጽሑፉን ይዞ እየሮጠ መጣ ማለት ይቻላል። «አቶ ይመር፣ ይኼ ነው!» አለ። «ሚዛኑ ዴንማርክ ያላትን እርስዎ ነገሌ አሏት። ይኼን ነው የምልክላቸው።» ሌሎቹ መዛኞች ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ይመርም፣ ማብረድ እኮ ማንንም አይጎዳም፣ ቢበዛ ወታደሮቹ ውሃ ይጠጣሉ፣ ይኼ ምን ክፋት አለው እያለ ወደ ቤቱ ሄደ።

ደንገዞ አየር ላይ የዋለች ቀን ይመር የጠዋቱ አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ፈረቃ የሚለውጡ የፋብሪካ ሴቶች ሞልተውታል። ከመካከላቸው አንዷ «ዘሀራ ጀምራለች፤ ለሁላችንም ክፈቺው» አለች፤ የእታለም ድምፅ አውቶቡሱን ሞላው። ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ጉድጓዱ ተበላሸ፤ ሻለቃው ውሃ በማዕረግ ነው አለ፤ አንዲት ሴት ምላሷን በንዴት ጠቅ አደረገች። ወታደሮቹ ጉድጓዱን ከበው ቆሙ። እታለም ሳለች። «አሁን መጣች» አለ አንድ ድምፅ።

«ሻለቃውም ቁልፉን ከኪሱ አወጣ» አለች ዘሀራ፣ ያላለችውን። «‹ልጆቼ፣ ጠጡ፤ እኔ አባታችሁ አይደለሁም ወይ?› አላቸው። ወታደሮቹም እልል እያሉ ጠጡ።»

ከዚያ አንዲት ወጣት ሳቀች። «እልል? ወታደር ለውሃ እልል ይላል?»

«አብርደዋት ነው» አለች አጠገቧ ያለችው።

«ማን አበረዳት? ድምፅዋን አትሰሚም? ሳሏ ሳይቀር!» አለች ከኋላ የተቀመጠች ጠና ያለች ሴት። ንዴት አልነበረባትም፤ የደከመች ነው የምትመስለው። «ገንዘብ በልታ ነው። እኔ እሷን እንኳ ሰው ናት ብዬ ነበር። ዝጊው በቃ።»

ዘጉት። ይመር ፌርማታው ሳይደርስ ወረደና የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። ፊቱ ይነድ ነበር፤ ሰው የሚያየው ይመስል መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

በሳምንቱ መጨረሻ ዘሀራ አስጠራችው። የምትኖረው ቦርከና ወንዝ አጠገብ ካሉት አሮጌ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት ነው፤ ከጀርባዋ ትንሽ ጓሮ አላት። በሩን ስትከፍትለት ያረጀች መሰለችው።

«ይመሬ፣ ግባ። እንዴት እንደማወራው አላውቅም» አለችው። «ገበያ ስወጣ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ዓይኔን ግን አያዩም። ዕቁቡ ላይ ትናንት አጠገቤ የተቀመጠ የለም። እኔ አይደለሁም ብዬ እንዳልናገር ተከልክያለሁ። ብናገርስ? ድምፁ የኔ ነው። እኔ ራሴ ስሰማው እኔ መሰለችኝ።»

ይመር እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እዚያ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አዘነችልኝና ነገረችኝ። ማሽኑ ሠላሳ አንድ ነበር የሰጠኝ አለች። ሰው ነው ከፍ ያደረገው። ሰው!» ወደሱ ጠጋ አለች። «አንተ እዚያ ነህ። ማን እንደሆነ ታጣራልኛለህ? ልጣላው አይደለም። ምን እንዳስቀየምኩት ልጠይቀው ነው።»

ያኔ መናገር ይችል ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለታቸው ብቻ ናቸው፤ ቃሉም አጭር ነው፤ እኔ ነኝ። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «አላውቅም እታለም፤ እስቲ እጠይቃለሁ» የሚል ነበር።

«እኔስ አንተ ያለህበት ቤት ስለሆነ አልፈራም» አለችው። «አቤት ልል ነው። ቀጠሮ ሰጥተውኛል። አብረኸኝ ናና አጠገቤ ብቻ ተቀመጥ። ቃሉን እኔ እናገራለሁ፤ አንተ ስትኖር ግን አፌ አይያዝም።»

እሺ አላት። እንዴት እሺ እንዳላት ለሚገረም ሰው፣ ይመር የነበረው ተስፋ ይኼ ነው፤ በአቤቱታ ላይ መዛኝ በአካል ቀርቦ አያውቅም፣ ስሙም አይጠራም። አጠገቧ ይቀመጣል፣ አቤቱታዋ ውድቅ ይሆናል፣ አጽናንቶ ወደ ቤቷ ይመልሳታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን በሌላ ነገር ይክሳታል። እንዲህ ነበር ያሰበው።

በቀጠሮው ቀን አብረው በእግር ሄዱ። ዘሀራ የዓረፋ ቀሚሷን ለብሳለች፤ በመንገድ ላይ የምትናገረውን ለራሷ እያነበነበች ትለማመዳለች። የቦርከናን ድልድይ ሲሻገሩ ይመር ቆም አለና «እታለም…» አላት። «ምን?» አለችው፤ ፊቷ ወደሱ ዞረ፤ እምነቷ ፊቷ ላይ ነበር። «መንገዱ ያዳልጣል፤ ቀስ በዪ» አላት።

የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ያን ዕለት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት እንግዶች መምጣታቸውን ነው። ናሁሰናይ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ሊያሳያቸው አስቦ ይህንን አቤቱታ መርጦላቸዋል። ለይመር መልእክት ልኮ ነበር፤ ይመር ግን የእረፍት ቀን ጠይቆ ስለነበር አላየውም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ለባለ አቤቱታ ሁለት ወንበር፤ በሌላ በኩል ረጅም ጠረጴዛ። ዘሀራና ይመር ተቀመጡ። ናሁሰናይ ከእንግዶቹ ጋር ገባና ይመርን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አቶ ይመር! ቀድመው መጡ?» አለ። «እዚያ ምን ያደርጋሉ? ወዲህ ይምጡ እንጂ፤ የመዛኙ ወንበር በዚህ በኩል ነው።»

ይመር አልተነሣም። ናሁሰናይ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ «የደንገዞን ጉዳይ ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ ሚዛኑ ሠላሳ አንድ ብሎ ያለፈውን» አላቸው።

ዘሀራ ወደ ወንድሟ አልዞረችም። ጠረጴዛውን እያየች ቆየች። እጇ ቀሚሷ ላይ የነበረ አንድ ክር አነሣና በጣቷ ጠቀለለው።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ከሁለቱ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። «ይተዋወቃሉ እንዴ?» አለች።

የዘመዱን ሥራ መዝኖ ዝም ያለ ሰው የሚደርስበትን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ከሥራ ይባረራል፤ ጡረታው ይቀራል፤ ዳግም የትም አይቀጠርም። ዘሀራም ታውቃለች፤ የተቀጠረ ጊዜ በኩራት የነገራት ራሱ ይመር ነው። አሁን አፉን ከፈተ። መናገር ፈልጎ ይሁን ትንፋሽ አጥሮት፣ እሱም ራሱ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

«የት አውቃቸዋለሁ?» አለች ዘሀራ። ድምፅዋ የትረካ ድምፅ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። «በሩ ጠፍቶኝ ውጭ ቆሜ አግኝተውኝ፣ እዚህ ድረስ አምጥተው አስቀመጡኝ። አላህ ይስጣቸው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ደግ ናቸው» አለ ናሁሰናይ።

ይመር ተነሣ። ከሷ ወንበር እስከ ጠረጴዛው ማዶ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሄደና የመዛኙ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማንም አላስገደደውም። «አይደለም፣ እህቴ ናት» ማለት ይችል ነበር፤ የሷ ቃል ገና አየር ላይ ነበር። አላለም።

«እስቲ ያብራሩልን» አለችው መነጽር ያደረገችው ሴት።

ይመር ነገሌን ተረከ። መሬት እያየ ነው የተናገረው፤ ግን የለመደው ነገር ስለሆነ አንደበቱ ራሱ ይሄድ ነበር። የተበላሸውን ፓምፕ፣ የተከለከለውን ጉድጓድ፣ ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን መያዛቸውን፣ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም ይዘው የነሱን ምግብ እንዳበሉትና የነሱን ውሃ እንዳጠጡት ተናገረ። ዘሀራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥ ነበር።

ሲጨርስ «ጥያቄ አለኝ» አለች። «እነዚያ ወታደሮች እውነት የነበሩ ናቸው?»

«አዎ፣ ወይዘሮ ዘሀራ» አለ ይመር። እንዲህ ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው።

«ውሃው አጠገባቸው እያለ ከለከሏቸው?»

«ከለከሏቸው።»

«ቁልፉን አውጥቶ ልጆቼ ጠጡ ያለ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«እኔ ከራሴ ያወጣሁት መስሎኝ ነበር» አለች፤ ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። «ጥማት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው የጻፍኩት። እንግዲያው እኔ የተናገርኩት እውነት ነው፤ እናንተ በድምፄ የተናገራችሁት ውሸት ነው።»

ናሁሰናይ በትሕትና ሳል አለ። «ወይዘሮ፣ ፈጠራ ውሸት አይባልም።»

ሰባ አራቱ ጸና። መነጽር ያደረገችው ሴት የይመርን ማብራሪያ አደነቀች፤ ሌላው እንግዳ ስለ ፔትሮግራድ የጨመረው መስመር ለሌሎች ቅርንጫፎች ማስተማሪያ እንዲሆን ጠየቀ። ዘሀራ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ተሰናብታ ወጣች።

ይመር እንደምንም ብሎ አምልጦ ተከተላት። ፌርማታው ላይ ቆማ አገኛት። «እታለም» አላት፤ «እታለም፣ ስሚኝ…»

ዘሀራ ዞር ብላ አየችው። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ይቅርታዎን» አለችው፤ «ከሌላ ሰው ጋር ሳያምታቱኝ አልቀሩም።» አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈረች።

በነጋታው ይመር የናሁሰናይን በር አንኳኳ። ቆሞ ነገረው። የእናቱ ልጅ መሆኗን፣ ሲመዝን ማወቁን፣ ሳይናገር መቅረቱን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ናሁሰናይ እስኪጨርስ አላቋረጠውም። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

«አቶ ይመር፣ እንግዶቹ ፊት ወይዘሮዋ የተናገሩት ምን ነበር? አላውቃቸውም አሉ። ችሎት ነው፤ ቃላቸው ተቀድቷል። አሁን እርስዎ እህቴ ናት ካሉኝ፣ እሳቸው ችሎት ፊት ሐሰት ተናገሩ ማለት ነው። ይኼ ደግሞ ያሳስራል፤ እርስዎ ያውቁታል።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁን ማመን አለብኝ። እኔ እሳቸውን ባምን ለሁሉም የሚሻል ይመስለኛል።»

ይመር ቆሞ ቀረ። እሷ እንዳይወድቅ ብላ የዘጋችለት በር አሁን እንዳይወጣ ተዘግቶበታል። ቢናገር የምትታሰረው እሷ ናት። ናሁሰናይ ብድግ ብሎ እስከ በሩ ሸኘው። በወሩ ይመር ዋና መዛኝ ሆነ።

ዘሀራ ስሟን ከተራኪዎች መዝገብ ሰረዘች፤ ድምፅዋን ግን መውሰድ አልቻለችም። ደንገዞ በየሳምንቱ ይቀጥላል። ሻለቃው አሁን ለወታደሮቹ ትምህርት ቤት አሠርቷል። የፋብሪካ ሴቶች ሌላ ተራኪ ይዘዋል፤ ደንገዞን ግን ትንንሽ ልጆች ይወዷታል ይባላል። ቁጥሯ ወደ ዘጠኝ ወርዷል።

ይመር መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። አታነሣም አልነበረም፤ ታነሣለች። «ማን ልበል?» ትለዋለች። ስሙን ይነግራታል። «ደህና ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ» ትልና ትዘጋለች። ቤቱ ስለሚሰማ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ሰው እንዳይጠረጥረው፣ እሱን ለመጠበቅ ብላ ነው አለ። እንዲህ ብሎ ያሰበ ቀን የተሻለ ይተኛል።

ዓረፋ ደረሰ። ከተወለደ ጀምሮ ዓረፋን ከሷ ተለይቶ ውሎ አያውቅም፤ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ፍራፍሬ ገዝቶ ሄደ። በሩን ከፈተችለት። ጥቂት ጎረቤቶች ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደሷ የተመለሱ መሆን አለባቸው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች። «እንግዳ መጥቶልናል፤ እስቲ ቦታ ልቀቁላቸው።» ከሁሉ የተሻለውን ወንበር ሰጡት፤ ትራስ ከጀርባው አደረገችለት። ማን እንደሆነ አንድ ጎረቤት ሲጠይቃት «መንገድ ያሳዩኝ ሰው ናቸው» አለች፤ በምስጋና ድምፅ።

ጎረቤቶቹ ለሰላት ሲነሡ ይመር ፈጠን ብሎ ወደ ጓሮው ወጣ፤ ተከትላው እንድትመጣ በዓይኑ ለመናት። መጣች። ጓሮው ውስጥ ግድግዳ የለም፤ የሚሰማ ነገር የለም፤ የጎመን መደብና የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው።

«እታለም» አላት በሹክሹክታ። «እዚህ ማንም አይሰማንም። እዚህ አንተ በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዘሀራ ከገመዱ ላይ አንድ የደረቀ ፎጣ አወረደችና ቀስ ብላ አጠፈችው።

«እኔስ እሰማ የለም እንዴ?» አለችው።

ተመልሰው ገቡ። ምግብ ቀረበ፤ ከሥጋው መልካም መልካሙን ወደሱ በኩል አደረገችለት። በላ፤ አንገቱን ደፍቶ በላ። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን አንሥቶ ወደ ጓዳ ሊወስድ ብድግ አለ፤ በዚያ ቤት ሕይወቱን ሙሉ ሲያደርግ የኖረው ነው።

ዘሀራ ፈጠን ብላ መጥታ ሳህኑን ከእጁ ተቀበለችው።

«ኧረ በአላህ፣ ይቀመጡ» አለችው። «እንግዳ አይታዘዝም።»